የቡችላ አማች ቃል

«ሚስት አለህ?»

ውል አዋዋይዋ ይህን ስትጠይቀው ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ፣ እጇ ማኅተሟ ላይ ነበር። ሳጊንቤክ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሟል። ከጀርባው፣ በሩ ጥግ፣ ማርዣን ካፖርቱን በክንዷ ታቅፋ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማዋል።

የባንኳ ሴትዮ አስቀድማ መክራዋለች። «የውጭ ዜጋ ነህ፤ ኪርጊዝ ነህ። ቢሆንም የመኖሪያ ፈቃድ አለህ፣ ገቢህ ደህና ነው፣ የቤት ብድሩ ተፈቅዶልሃል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። አግብቻለሁ ካልክ የመንግሥት የጋብቻ ምዝገባህን ይዘህ ና፣ ሚስትህም መጥታ ትፈርም። አላገባሁም ካልክ ደግሞ ሚስት የለኝም ብለህ ውል አዋዋይ ፊት ቃልህን ስጥ። ኒካህ ምናምን የምትለኝን ተወው፤ ኒካህ እዚህ ጭስ ነው። ቃል ብቻ እኮ ነው ወንድሜ፣ ምን አስጨነቀህ?»

ቃል ብቻ! ለተማረ ሰው ቃል ርካሽ ነው፤ ወረቀት አለዋ። ወረቀት የሌለው ሰው ግን ከቃሉ ሌላ ምን አለው?

«ወንድም፣ ሰው ይጠብቃል» አለች ውል አዋዋይዋ። «ሚስት፣ ወይም እንደ ሚስት አብራህ የምትኖር ሴት አለችህ?»

«የለችኝም።»

«ድምፅህን ከፍ አድርገው። አልሰማሁህም።»

«የለችኝም አልኩ! ሚስት የለኝም!»

ማኅተሙ ጠረጴዛውን ድም አደረገው። በዚያው ቅጽበት ከኋላው አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማ። ዞር ቢል ካፖርቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ማርዣን የለችም። በሩ ብቻ ሰው እንደገፋው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የሳጊንቤክም ልብ ከበሩ ጋር ወዲያ ወዲህ አለ።

* * *

ሳጊንቤክ ከኪርጊዝ አገር፣ የኦሽ ሰው ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ። ድንበር ተሻግሮ ወደ አልማቲ የመጣው ሁለት እጁንና የአባቱን የዳቦ ሊጥ ማተሚያ ማኅተም ይዞ ነው። ጋጋሪ በመሆኑ አፍሮ አያውቅም፤ ሌሎች ግን እንዲያፍር ብዙ ደክመዋል። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ በምድጃ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ይሸሹታል፤ ዳቦውን ሲገዙ ግን አይሸሹትም።

ማርዣን ያልሸሸችው ሴት ናት። ዳቦ ልትገዛ መጥታ ጠባሳውን አየችና «ያምሃል?» አለችው። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የጡረተኛው ርእሰ መምህር የኦራዛሊ ልጅ መሆኗን ሲያውቅ ሊርቃት ሞከረ፤ እሷ ግን በገዛ እግሯ መጣች። አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆመችና «ወይ ውሰደኝ፣ ወይ መልሰኝ» አለችው። ወሰዳት።

ኦራዛሊ ጎረቤት እንዳይስቅበት ብሎ ኒካሁን ፈቀደ። ኢማሙ መጣ፣ ታሰረ፣ ተመረቀ። የመንግሥት ምዝገባውንና ድግሱን ግን ከለከለ። «የራስህ ጣራ፣ በራስህ ስም! ያኔ ልጄ ሚስትህ ተብላ ትጻፋለች» አለ። እስከዚያ ድረስ በጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ኑሩ ተባሉ። እዚያ አገር አማቶቹ ግቢ የሚኖር ወንድ ቡችላ አማች ይባላል። ልጆች እንኳ ያውቁታል፤ ሳጊንቤክ በመንገዱ ሲያልፍ እንደ ቡችላ የሚጮኹ አሉ።

በዚያ ሰሞን ኦራዛሊ በግ አርዶ እንግዶች ጠርቶ ነበር። የበግ ፍርምባ የአማች ድርሻ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ኦራዛሊ ፍርምባውን ለመኪና ሻጩ ለጎረቤቱ ሰጠና፣ ጆሮውን ቆርጦ ለሳጊንቤክ ዘረጋለት። ጆሮ የሕፃን ድርሻ ነው። «ብላ ልጄ፣ ታዛዥ ያደርግሃል!» አለ። ሳቁ። ሳጊንቤክም ሳቀና ጆሮውን በላ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጆሮ ጉሮሮው ውስጥ ነው።

እንግዲህ ቤቱን የፈለገው ለዚህ ነበር። ያገኙት አፓርታማ አሮጌ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚደርስበት ሰገነት ያለው። ሊያዩት የሄዱ ቀን ማርዣን ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ እጇን ዘርግታ «ጠረጴዛው እዚህ፣ አንተ እዚህ፣ እኔ እዚህ» አለችና፣ ገና ያልመጣውን ሦስተኛ ሰው ቦታ በዓይኗ አየችው። ሳጊንቤክም ያየችውን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቤት ማጣት ከሞት እኩል ያስፈራው ነበር።

* * *

ከውል አዋዋይዋ ዘንድ የተመለሰ ዕለት ማርዣን እናቷ ክፍል ገብታ ራሴን አሞኛል አለች። እዚያው አደረች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻይ ይዛ ወደ ጓሮ መጣች።

ሳጊንቤክ ሲያያት ደነገጠ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ጠርዙን አገጯ ሥር ቋጥራዋለች። በእሱ ፊት እንዲህ ተሸፍና አታውቅም። ሲኒውን እጁ ላይ አልሰጠችውም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ቀና በይና እይኝ እንጂ!»

«አልችልም» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«አትችዪም? ዓይኔ ያቃጥላል?»

ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳጊንቤክ ግን ከንፈሯን አላየም። ያየው ሻሹን ነው። የበግ ጆሮ የበላ ሰው ንቀትን ከሩቅ ያሸታል፤ በሌለበትም ቦታ ያሸታል።

«ገባኝ» አለ። «ትናንት እነዚያ ባለ ማኅተሞች እንዴት እንዳናገሩኝ አይተሽ አፈርሽብኝ። ‹ሚስት የለኝም› ስል ደስ ሳይልሽ አልቀረም። ተገላገልሽ!»

ማርዣን እንደ ተመታ ሰው ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘነበለች። አንድ ጊዜ፣ አንዲት አፍታ ብቻ፣ ዓይኗን አነሣች። በዚያ ዓይን ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ፍርሃት ነበር። ከዚያ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ሮጠች።

ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ሳጊንቤክ ያን ቀን ወደ ሥራው ሄዶ ሊጡን ከምድጃው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አቃተው። ዳቦዎቹ አንድ በአንድ እየተላቀቁ እሳት ውስጥ ወደቁ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ሆኖበት አያውቅም። የሚቃጠለው ዳቦ ሽታ አፍንጫው ሲገባ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ምድጃውን ጥሎ ወደ ደጅ ወጣ።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊሸከመው አልቻለም። ወደ ዋናው ቤት ገብቶ የአማቱን ክፍል በር አንኳኳ።

«ማርዣን፣ እኔ ነኝ።»

«አትግባ!» አለች ከውስጥ። መቀርቀሪያው ጥርቅም አለ። «አላህን ፍራ ሳጊን፣ አትግባ! እዚያው ቆመህ አናግረኝ።»

«ጠላሽኝ?»

«እኔ ነኝ አንተን የምጠላህ? እኔ?» ድምጿ ተሰበረ። «አንተ ጅል፣ አንተ ክፉ ሰው! ሚስት የለኝም አልክ እኮ! በሰው ፊት፣ በምስክር ፊት፣ ጮኸህ! በጆሮዬ ሰማሁት!»

«ለባንኩ ብዬ ነዋ! አንቺም ታውቂያለሽ!»

«ባንኩን የሠራው ሰው ነው። ኒካሁን ግን ማን አሰረው? የአያቴን እህት ታሪክ አልነገርኩህም?»

«አልነገርሽኝም።»

በሩ ሥር ቁጢጥ ስትል ልብሷ ተንኮሻኮሸ። ስትናገር ድምጿ ከታች፣ ከጉልበቱ አቅጣጫ መጣ።

«ባሏ በረሃብ ዘመን፣ እህል የሚያድሉ ሰዎች ሲመጡ፣ ለብቸኛ ወንድ የተሻለ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ‹ሚስት የለኝም› አላቸው። እህሉን አገኘ። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ጠበቁት። ‹በአፍህ አፍርሰሃታል› አሉት። በመካከላቸው አጥር ተሠራ። እሱ በዚያ፣ እሷ በዚህ። ሌላ አላገባ፣ ሌላ አላገባች። ዳቦ ስትጋግር በአጥሩ ላይ ታቀብለው ነበር፣ ሳጊን! ፊቷን አዙራ። እስኪሞቱ ድረስ ፊቷን አዙራ!»

ሳጊንቤክ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር። የሻሹ ነገር፣ የሲኒው፣ የዓይኗ ነገር አሁን ገና ገባው። ለካ ስትሸሸው የሰነበተችው ኒካሁ ፈርሶ ከሆነ አብረው እንዳይበድሉ ፈርታ ነው። እሱ ደግሞ በአፉ ወግቷታል።

«ከኢማሙ ዘንድ ሄደሻል?» አለ በደከመ ድምፅ።

«ከእማማ ጋር ሄድን። ‹ልቡ ውስጥ ፍቺ ካልነበረ ኒካሁ ፈርሷል ብዬ አልፈርድም፤ ጥርጣሬ ካለም በአፉ ያፈረሰውን በአፉ ይመልሰው› አለ።»

«እሰይ! ታዲያ አሁኑኑ...»

«ቆይ! አልጨረስኩም። ‹ሰው አንዴ ሳያውቅ ይሳሳታል። ነገሩን ካወቀ በኋላ ለጥቅሙ ብሎ ከደገመው ግን እኔ አላስታርቅም፤ ለጌታው መልስ ይስጥ› አለ።» በጥፍሯ እንጨቱን ጫረች። «ነገ ባንክ ውስጥ ትደግመዋለህ፣ አይደል?»

ነገ ዓርብ ነው። የመጨረሻው ፊርማ ነገ ነው፤ ብድሩ የተፈቀደበት ቀነ ገደብም ነገ ያልቃል። የባንኳ ሴትዮ እያንዳንዱን አንቀጽ ጮክ ብላ ታነብና እሱ በካሜራ ፊት ‹አዎ› ይላል። ካልፈረመ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ይሸጠዋል።

«አትፈርም አልልህም» አለች ማርዣን። «እኔም ያንን ሰገነት ወድጄዋለሁ። ጠረጴዛችንን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ግን ፈራሁ ሳጊን። በጣም ፈራሁ።»

«ምንድን ነው ይሄ ድራማ?» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ። ኦራዛሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። «ያሳፍራል! ልጄን ያስተማርኩት የአሮጊት ተረት እንድታምን ነው? ስማ አንተ ልጅ፣ ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። ትፈርማለህ!»

«አባባ፣ ኒካሁ...»

«ኒካህ ቤት አይሆንህም! በራስህ ስም ጣራ አምጣ ብዬሃለሁ፤ አሁን ጣራው ደጅህ ሲደርስ ቃል ትፈራለህ? ሁለት ቃል ነው! ሁለት ቃል ተናግረህ ሰው ሁን።»

«እሺ ዛሬውኑ ምዝገባውን ይፍቀዱልንና፣ ሚስቴ ተብላ አብራኝ ትፈርም።»

«የውጭ ዜጋ ጋብቻ በአንድ ቀን የሚመዘገብ መስሎሃል? ሳምንታት ይፈልጋል። ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረብህ።»

ከመጀመሪያው! ስንት ጊዜ ተለማምኖ ስንት ጊዜ እንደተባረረ ለማን ይንገር? ሳጊንቤክ ጥርሱን ነከሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የከለከለው ሰው ፊቱ ቆሞ ‹ለምን አልጠየቅህም› ይለዋል፤ የተማረ ሰው ሲበድል እንኳ ጥፋቱን የሚሸከምለት ሰው አያጣም። ግን የቁጣው ሥር ፍርሃት ነበር። ከበሩ ወዲያ ማርዣን የምታለቅሰውን ለቅሶ፣ እንዳይሰማ አፏን በሻሿ ያፈነችውን ያን ለቅሶ፣ እሱ ብቻ ሰማው።

* * *

ዓርብ ረፋድ ላይ ባንኩ ውስጥ ተቀመጡ። ኦራዛሊ ጥሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሯል። የባንኳ ሴትዮ ፈገግ ብላ ካሜራውን አስተካከለች።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ሳጊንቤክ። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤት ትሆናለህ። እኔ አነባለሁ፣ አንተ አዎ ትላለህ። በቃ።»

አነበበች። ‹አዎ› አለ። አነበበች። ‹አዎ› አለ። ስታነባቸው የነበሩት አንቀጾች እያለቁ ሲሄዱ፣ ውሃ እየጨመረበት በመጣ ወንዝ ውስጥ የቆመ መሰለው፤ ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ፣ ደረቱ ደረሰ።

«ሚስትም ሆነ እንደ ሚስት አብራኝ የምትኖር ሴት የለችኝም። አዎ?»

ሳጊንቤክ ዓይኑን ከካሜራው ወደ ሴትዮዋ መለሰ።

«በሕግ የተመዘገበች የለችም ብል አይሆንም?» አለ።

«አይሆንም ወንድሜ። ጽሑፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የላኩት፤ አንዲት ፊደል መንካት አልችልም። አዎ ወይም አይደለም።»

ኦራዛሊ በክርኑ ጎሸመው። «በል እንጂ! አዎ በል!»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሳጊንቤክ የወለደው ገና አልነበረም፤ ሊወልደው ያሰበው ግን ያ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ ተይዞለት ነበር። ሰገነቱ ታየው፤ የኮኩ ቅርንጫፍ ታየው። ቡችላ ብለው የጮኹት ልጆች፣ የበጉ ጆሮ፣ የሳቁት ሁሉ ታዩት። አንዲት ‹አዎ› ሁሉንም አፍ ትዘጋ ነበር። ከዚያ አጥር ታየው። በአጥሩ ላይ የተዘረጋ ዳቦ የያዘ እጅ ታየው፤ እጁ የማርዣን ነበር፤ ፊቷ ዞሯል። ፊቷን ሊያየው ፈለገ፤ አልዞርልህ አለው። ያኔ እንዲህ ያለ ፍርሃት ያዘው፤ ወንበሩ ከሥሩ የተነሣ መሰለው።

«አይደለም» አለ።

«ምን አልክ?» አለች ሴትዮዋ።

«ውሸት ነው አልኩ። ሚስት አለኝ። ማርዣን ትባላለች፤ የዚህ ሰውዬ ልጅ ናት።»

ሴትዮዋ የኦራዛሊን ፊት፣ ከዚያ የእሱን ፊት አየች። ካሜራውን አጠፋች። ያ ሁሉ ፈገግታ በአንድ ትንፋሽ ረገፈ። «ቀልደህብኛል» አለችና ወረቀቶቹን ሰበሰበች።

ውጭ ሲወጡ ኦራዛሊ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ አንድ ጊዜ ብቻ አየው። «ጣራ ሰጡህ፣ ረገጥከው። ቡችላ ሆነህ ቅር!» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሳጊንቤክ መንገዱ ዳር ቀረ።

* * *

በእግሩ ነው የሄደው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ሐሳብ አብሮት ሄደ። ቤቱን ጥያለሁ፤ እሷስ? አንዲት ሴት ባዶ እጁን ለሚመጣ ጋጋሪ በር ትከፍታለች? ለእሷ ብዬ የጣልኩትን ቤት እሷ ራሷ ብታለቅስለትስ? ግቢው በር ላይ ሲደርስ እግሩ አልገባም አለው። ያን የባንክ ወንበር ይህን ያህል አልፈራውም ነበር።

የኦራዛሊ መኪና ቆማለች። ከወጥ ቤት የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፤ እየጮኸ ነው። ሁሉን ነግሯቸዋል ማለት ነው። ሳጊንቤክ በኮሪደሩ አልፎ በሩ ላይ ቆመ። አላንኳኳም። እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው።

«አንተ ነህ?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ ነግሮኛል። እኔ ግን ከአባቴ አፍ መስማት አልፈልግም። ያንን ቃል ከአንተ አፍ ነው የሰማሁት፤ ይህንንም ከአንተ አፍ አሰማኝ። ምን አልካቸው?»

«ሚስት አለኝ አልኳቸው።»

ከበሩ ወዲያ እግሯ ወደ በሩ ቀረበ።

«ድገመው» አለች።

«ሚስት አለኝ።»

«ጮክ በል ሳጊን! ያኔ ጮኸህ አልነበረም?»

በወጥ ቤት ያለው ድምፅ ቀጥ አለ። ኦራዛሊ እየሰማ ነው፤ አማቱ እየሰማች ነው፤ በአጥሩ ወዲያ ያለው መኪና ሻጭም፣ ፍርምባ የበላው፣ ሳይሰማ አይቀርም። ሳጊንቤክ ግንባሩን ከእንጨቱ አላቀቀና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሚስት አለኝ!»

መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ ነው የተንቀሳቀሰው። በሩ ሲከፈት ማርዣን ደፉ ላይ ቆማለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ዓይኖቿ ያበጡ ናቸው፤ ግን መሬት አያዩም።

«ሰገነቱ» አለ ሳጊንቤክ። «ኮኩ... ማርዣን፣ አጣሁት። አሁንም ቡችላ አማች ነኝ።»

ጠባሳ የሞላውን ክንዱን ያዘችው። «ያምሃል?» አለችው፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ፊቷን ብቻ አየ፤ ከንፈሯን፣ ቅንድቧን፣ ዓይኖቿን። ነገ ያ ፊት ዳግመኛ የሚዞር ያህል፣ እየፈራ፣ ዓይኑን ለመጨፈን እንኳ እየፈራ አያት።